በእግሬ የጎተትኩት ገመድ

ባለፈው ቅዳሜ የእንግሊዝኛ መምህራችን ክፍል ሲገቡ ኮፍያቸውን እንደ ሳህን በሁለት እጃቸው ይዘውት ነበር። ውስጡ የተጠቀለሉ ትንንሽ ወረቀቶች አሉበት። «እያንዳንዳችሁ አንድ አንድ ታነሳላችሁ» አሉን። «ወረቀቱ ላይ ባለ ሁለት ቃል ግስ አለ። ትርጉሙን፣ ተመሳሳዮቹን፣ ከዚያ ደግሞ ከራሳችሁ ሕይወት የወጣ ምሳሌ ጽፋችሁ በሚቀጥለው ቅዳሜ ታመጣላችሁ። ከስልክ የተቀዳ ምሳሌ አልቀበልም።» ኮፍያው ከፊት ወንበር ስለጀመረ መጀመሪያ ያነሳሁት እኔ ነኝ። የደረሰኝ ግስ ሉክ አፍተር ነው።

እዚህ ላይ ራሴን ባስተዋውቅ ጥሩ ነው። ስሜ አስካለ ይባላል። ሸዋ ሮቢት ውስጥ ባለ ኮሌጅ የቅዳሜና እሁድ ተማሪ ነኝ፤ የመጀመሪያ ዓመት። ስልሳ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ቀርቶታል። ብዙ ዘመን ጀውሃ ላይ፣ ከዋናው መንገድ ዳር፣ ለከባድ መኪና ሾፌሮች ምግብ የሚሸጥ ቤት ነበረኝ፤ አሁን ልጄ ይዛዋለች። ክፍላችን ውስጥ ሁሉም «እትዬ» ይሉኛል። መምህራችን ከመጨረሻ ልጄ በዕድሜ ያንሳሉ፤ ቢሆንም አንቱ እላቸዋለሁ፤ መምህር መምህር ነው። የቤት ሥራ ሳልሠራ መጥቼ አላውቅም፤ እሳቸውም ይህን እንዳስተዋሉልኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

ከኋላዬ የሚቀመጠው ከድር፣ በሥራ ቀን ባጃጅ የሚነዳው ልጅ፣ በትከሻዬ ላይ አንገቱን አስግጎ ወረቀቴን አየና «እትዬ፣ ለእርስዎ ሰላም ያለው ነገር ደረሰዎት» አለኝ። «እኔ ብሬክ ዳውን ነው የደረሰኝ። ባጃጄ ደግሞ ትናንት መንገድ ላይ ቆማብኛለች። ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አልሄድም።» ክፍሉ ሳቀ፤ መምህራችንም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ወረቀቷን ግን በመዳፌ ውስጥ ጨብጬ ያዝኳት።

ቤቴ ገብቼ ሥራውን በሥርዓት ጀመርኩ። ሉክ አፍተር ማለት አንድን ሰው ወይም አንድን ነገር በኃላፊነት መያዝ፣ ጉዳት እንዳያገኘው መከታተል ነው። ተመሳሳዮቹ ቴክ ኬር ኦፍ፣ ዋች ኦቨር፣ ማይንድ፣ ቴንድ ናቸው። ይህን ያህል ጻፍኩና ወደ አማርኛው ስመለስ ገረመኝ። እነሱ ለሁሉም አንድ ግስ ይበቃቸዋል። እኛ ግን ሕፃን ሲሆን ማሳደግ፣ በሽተኛ ሲሆን ማስታመም፣ ሽማግሌ ሲሆን መጦር፣ ከብት ሲሆን ማገድ፣ ቤት ሲሆን መጠበቅ እንላለን። ማሽላ ሲሆንም መጠበቅ ነው። ማሽላ የሚለውን ቃል እንደጻፍኩ እስክሪብቶዬ ቆመ። ለዚህ ግስ ከሕይወቴ የሚሆን ምሳሌ አንድ ብቻ ነበረኝ፤ እሱን መምህራችን ፊት ከማንበቤ በፊት ደግሞ መጀመሪያ ልነግራት የሚገባኝ ሰው ነበረች። ሳልነግራት ከአርባ ዓመት በላይ አልፏል።

ተነስቼ ሳጥኔን ከፈትኩ። ከታች፣ ከሠርግ ቀሚሴና ከልጆቼ የክትባት ወረቀት ሥር፣ በካኪ ወረቀት የተለበጠ ደብተር አለ። የዚያን ጊዜ እንዲህ ያለው ደብተር ሠላሳ ሳንቲም ነበር። መዲናና እኔ አስራ አምስት አስራ አምስት ሳንቲም አዋጥተን ገዛነው፤ የሁለታችን እንዲሆንም ግራ ግራውን ገጽ እኔ፣ ቀኝ ቀኙን እሷ ልንጽፍ ተስማማን። የኔ ፊደል ትልልቅና ክፍት ክፍት ነው። የመዲና ደቃቅ፣ ተቀጥቅጦ የተሰደረ ይመስላል። ሉክ አፍተር ያለው ቀኝ ገጽ ላይ ነው።

መዲና የጎረቤታችን የጋሽ እንድሪስ ልጅ ናት። የነሱና የኛ ማሳ ከሮቢ ወንዝ ወዲህ፣ ቀወት ቆላው ላይ፣ ጎን ለጎን ነው። ስምንተኛን አብረን ጨርሰን ለዘጠነኛ ወደ ሸዋ ሮቢት ከተማ አብረን ወረድን። በወር አምስት ብር የምንከፍላት አንዲት ክፍል ተከራየን፤ ቆርቆሮዋ በቀን ስለሚግል ከሰዓት በኋላ ውስጧ መቀመጥ አይቻልም። ደብተራችንን ይዘን የሮቢ ወንዝ ድልድይ አጠገብ ካለው ማንጎ ሥር እንሄዳለን። አሁን እዚያ ቦታ የስልክ ካርድና የታሸገ ውኃ የሚሸጥባቸው ሱቆች ተደርድረዋል፤ ማንጎው የት እንደነበር ለማወቅ እኔ ራሴ ከድልድዩ እርምጃ መቁጠር አለብኝ። ያኔ ጥላው ሥር ሴቶች ብርቱካን ይደረድሩ ነበር፤ ስድስቱ በስሙኒ። ሁለታችንም የምናደርገው ኮንጎ ጫማ ነው፤ በዚያ ሙቀት ፕላስቲኩ እግር ስለሚያቃጥል ወንዙ ውስጥ ነክረን እናደርገዋለን፤ ትምህርት ቤት እስክንደርስ በየእርምጃው ይጮህብናል። መዲና ቀይ ሻሽ ነበራት። አንድ ሻሽ ብቻ ስለሆነ ሐሙስ ሐሙስ አጥባው እስኪደርቅ የኔን ነጠላ ትከናነባለች።

መኪና መቆሚያው አጠገብ አንድ ሻይ ቤት ነበረ። ባለቤቱ ሬዲዮውን መስኮቱ ላይ አስቀምጦ ድምፁን ወደ መንገዱ ይለቀዋል። ከትምህርት ቤት ስንመለስ የምንወደው ዘፈን ከጀመረ እንዲህ ቆሞ መስማት ለሴት ልጅ ነውር ስለነበር ሁለታችንም ጎንበስ ብለን የጫማ ማሰሪያ የምናስር እንመስል ነበር። ኮንጎ ጫማ ማሰሪያ የለውም። ባለ ሻይ ቤቱ ግን ዘፈኑ እስኪያልቅ በበሩ ቆሞ ወደ ሌላ አቅጣጫ ያያል እንጂ አንድም ቀን አልጠየቀንም። እስካሁን ድረስ ያ ሰው ትዝ ሲለኝ ልቤ ይሞቃል።

ባለ ሁለት ቃል ግሶቹን የሚያስጽፉን የዘጠነኛ ክፍል የእንግሊዝኛ መምህራችን ነበሩ። ረጅም፣ ሸሚዛቸው እንደ ወረቀት የተተኮሰ ሰው ናቸው። ሰኞ ሰኞ አንድ ተማሪ ያስነሱና ግሱን ይናገራሉ፤ ተማሪው ትርጉሙንና ሦስት ተመሳሳይ ቃላት መመለስ አለበት። ከመለሰ «ሲት ዳውን፣ ጎበዝ» ይሉታል። ካልመለሰ ሳይናገሩ ወደ ሚቀጥለው ያልፋሉ፤ ያ ዝምታቸው ከአርጩሜ ይብስ ነበር። መዲና ደብተሩን አንድ ጊዜ ካየች ይበቃታል። እኔ ግን መቶ ጊዜ ካልጮህኩበት አይያዝልኝም። ለዚያች «ጎበዝ» ለምትለው ቃል ስል ምን እንደማደርግ ሳስብ ዛሬም አፍራለሁ፤ ዛሬም እንደዚያው ነኝ መሰለኝ።

ቅዳሜ በእግራችን ወደ አገራችን እንመለሳለን፤ እሁድ ማታ የሳምንት ዱቄታችንን ተሸክመን ከተማ እንገባለን። በልግ ሆነ መኸር የምንበላው ከቤት የመጣልንን ነው። የማሽላ ዱቄት ከሌለ ከተማ የለም፤ ከተማ ከሌለ ትምህርት የለም። ይህን ሁሉም ተማሪ ያውቀዋል። ከጥቅምት ጀምሮ ማሽላው ወተት ሲይዝ ደግሞ ወፉ ይመጣል፤ ቅዳሜና እሁድ ለእረፍት የምንመጣ ሳንሆን ወፍ ለመጠበቅ የምንመጣ ነን።

ሁለቱ ቤተሰብ በወንፈል ነበር የሚጠብቀው። በሁለቱ ማሳ ድንበር ላይ አንድ ማማ ቆሟል፤ አራት ባላ፣ ከላዩ የእንጨት ርብራብ፣ ከርብራቡ ላይ የገለባ ጥላ። አንድ ተራ እኛ፣ አንድ ተራ እነሱ እንወጣለን፤ ተረኛው የሚጠብቀው የሁለቱንም ነው። የራስህን ማሳ ብቻ መጠበቅ የሚባል ነገር አልነበረም። ከማማው ተነስቶ በሁለቱም ማሳ ላይ የተዘረጋ ገመድ አለ፤ ገመዱ ላይ ጠጠር የያዙ ጣሳዎች ተንጠልጥለዋል። ስትጎትተው እስከ ወንዙ ዳር ድረስ ይንኳኳል። ጋሽ እንድሪስ መጀመሪያ ማማው ላይ ያወጡን ቀን ያስተማሩን አንድ ነገር ነው። «ገመዱን አንዴ ቶሎ፣ አንዴ ዘግየት አድርጋችሁ ጎትቱ። ወፍ ልማድ ታውቃለች። እኩል እኩል ካንኳኳችሁባት ዘፈን ይመስላትና እየሰማች ትበላለች። ገመዱ በእጅ፣ ወንጭፉ ከጎን፣ ዓይናችሁን ከማሳው እንዳታነሱ።»

ቀኑ እሁድ ነበር። ኅዳር የገባ ይመስለኛል። ተራው የመዲና ነው፤ ግን እናቷ በወባ ወድቀዋል። ጠዋት እየሮጠች መጣች፤ ቀዩ ሻሽ አንገቷ ላይ ወርዷል።

«አስኩ፣ ዛሬ ተራዬን ያዥልኝ። እማ ትንቀጠቀጣለች፤ ብርድ ልብስ ብንደርብላትም አልሆነም። ጥያት አልወጣም።»

«ሂጂ፣ አታስቢ» አልኳት።

«የኛ ማሳ ከወንዙ ዛፎች ሥር ነው፣ ታውቂያለሽ። መጀመሪያ የሚያርፉት እዚያ ነው።»

«አውቃለሁ፤ አታስቢ አልኩሽ እኮ! ሂጂ እናትሽን አስታሚ።»

ሄደች። እኔም ወጣሁ። በማግስቱ ሰኞ ነው፤ ያለፈው ሰኞ ደግሞ መምህሩ ሳይናገሩ ወደ ሚቀጥለው ያለፉት በእኔ ላይ ነበር። ደብተሩን ይዤ ነው የወጣሁት። ገመዱን በእጄ ከያዝኩ ደብተሩን መያዝ አልችልም። ስለዚህ የገመዱን ጫፍ ቁርጭምጭሚቴ ላይ አሰርኩት። ግሱን ስል አንዴ በእግሬ እጎትታለሁ፤ ትርጉሙን ስል አንዴ እጎትታለሁ። ሉክ አፍተር፣ ኳ። መጠበቅ፣ ኳ። ቴክ ኬር ኦፍ፣ ኳ። እንዲህ እያልኩ ሁለት ገጽ ጨረስኩ። በጣም ደስ ብሎኝ ነበር፤ አንድም ቃል አልጠፋኝም። ጣሳዎቹ እንደኔው እኩል እኩል ይንኳኳሉ።

ቀና ስል የጋሽ እንድሪስ ማሳ ላይ፣ ከዛፎቹ ሥር ያለው ወገን፣ ቡኒ ጨርቅ የተዘረጋበት መሰለኝ። ጨርቁ ይንቀሳቀሳል። ግሪሳ ነው። ጮኼ ስነሳ ገመዱ እግሬ ላይ እንደታሰረ ረስቼዋለሁ፤ ርብራቡ ላይ በደረቴ ወደቅሁ። ተፍጨርጭሬ ወንጭፉን እስክይዝ፣ ወርጄ እስክሮጥ፣ ወፉ የሚፈልገውን ወስዶ ጨርሷል። ሲነሱ ድምፃቸው እንደሞላ ወንዝ ነበር። የኛን ማሳ ጫፍ ጫፉን ብቻ ነክተውታል። የነሱ ግን ከዳር እስከ ዳር የማሽላው ራስ ነጭ ገለባ ሆኖ ቆሟል።

ጋሽ እንድሪስ መጡ። አንድ ራስ ቀጥፈው በመዳፋቸው አሹና እፍ አሉት። መዳፋቸው ላይ የቀረ ነገር አልነበረም።

«ምን ሆነ ልጄ?» አሉኝ።

«መንጋው ብዙ ነበር ጋሼ። ጮህኩ ጮህኩ፣ አቃተኝ።»

ድምፄ ሰልሎ ነበር። የሰለለው እንግሊዝኛ ስጮህ ነው። እሳቸው ግን ያን የሰለለ ድምፅ ሰምተው አመኑኝ። «ምን ታደርጊ ብቻሽን፤ የአላህ ሥራ ነው» ብለው ከቅላቸው ውኃ ቀዱልኝ። ቢሰድቡኝ ኖሮ ምናልባት እውነቱን እናገር ነበር። ውኃውን ጠጣሁ።

በማግስቱ መምህሩ አስነሱኝ። ግሱንም፣ ትርጉሙንም፣ ሦስቱንም ተመሳሳዮች መለስኩ። «ሲት ዳውን፣ ጎበዝ» አሉኝ። ተቀመጥኩ። ከጎኔ ያለው የመዲና ቦታ ባዶ ነበር።

ጋሽ እንድሪስ ለአባቴ የነገሯቸውን እኔም በር ላይ ቆሜ ሰምቻለሁ። «ያለችው ማሽላ ለቤቱም አትበቃ። ለዘንድሮ ትቆይ። የሚመጣው አዝመራ ካማረ ትመለሳለች።» መዲና ዕቃዋን ልትወስድ ወደ ክፍላችን የመጣችው በዚያው ሳምንት ነው። ሰሌኗን ጠቀለለች፣ ኩራዟን ያዘች። ደብተሩን ስሰጣት መለሰችልኝ። «አንቺ ጋ ይቀመጥ፤ ትምህርቱ ያለው አንቺ ጋ ነው። ስመለስ ከቆምኩበት እቀጥላለሁ» አለችኝ። የሚመጣው አዝመራ አምሮ ነበር። ግን ከአዝመራው በፊት ሽማግሌ መጥቶ ለትዳር ተጠየቀች።

እኔ አስራ ሁለተኛ ደረስኩ፤ ነጥብ አልመጣልኝም። ጀውሃ ወርጄ መጀመሪያ ሰው ቤት፣ ኋላ የራሴን ቤት ከፍቼ ሠራሁ። ከመዲና ጋር ተለያይተን አናውቅም። በሠርጓ ነበርኩ፤ በልጄ ሠርግ መጥታለች፤ አባቷ ሲሞቱ ሦስት ቀን አብሬያት ተቀምጫለሁ። በየጊዜው ልነግራት አፌን እከፍትና «ለመሆኑ ሽንኩርት ዘንድሮ ስንት ገባ?» ብዬ እዘጋዋለሁ። በዚህ ዓይነት ስለ ሽንኩርት ዋጋ የጠየቅኋትን ያህል ማንም ነጋዴ አልጠየቃትም። ደብተሩንም ወስጄ አላሳየኋትም። ከሷ ጋር ስለ ትምህርት ማንሳት የማሳውን ነገር ማንሳት ይመስለኝ ነበር።

ረቡዕ ዕለት ደብተሩን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ከጀውሃ በሚኒባስ ሸዋ ሮቢት ሄድኩ። መናኸሪያው በር ላይ ከድር ባጃጁን ተደግፎ ቆሟል።

«እትዬ! የቤት ሥራውን ጨረሱት?»

«ምሳሌዬ ጋ ልትወስደኝ ነው» አልኩት።

«እኔ ምሳሌዬን ጋራዥ አስገብቼ አወጣኋት፤ ይኸው ይቀመጡባት።»

ድሮ ፀሐይ ሳይወጣ ተነስተን በኮንጎ ጫማ የምንጨርሰውን መንገድ በሩብ ሰዓት አደረሰኝ። በመንገዱ ግራና ቀኝ ሽንኩርትና ቲማቲም በዝቷል፤ የውኃ መሳቢያ ሞተሮች ይጮኻሉ። ከወንዙ ወዲህ ያለው ቁራጭ መሬት ላይ ግን አሁንም ማሽላ ነው፤ ማማውም በዚያው ቦታ ላይ አዲስ ባላ ተተክሎለት ቆሟል። ማማው ላይ ሰው አለ። ከድርን አሰናብቼ በማሳው መሀል ስሄድ ከላይ ድምፅ መጣ።

«ማነው? ቆይ ቆይ፣ አስኩ ነሽ? ያ ረቢ! በዚህ ፀሐይ?»

«እኔ ነኝ። ምን ትሠሪያለሽ እዚያ ላይ?»

«ምን ልሠራ፣ ወፍ እጠብቃለሁ! ተራው የልጅ ልጄ ነበር፤ ዛሬ ፈተና አለባት። ውጪ። ርብራቡ ይችልሽ እንደሆነ እንጃ፤ የጀውሃ ጥብስ አወፍሮሻል።»

ወጣሁ፤ ርብራቡም ቻለኝ። ጉልበቴ ግን እስኪችለኝ ጊዜ ወሰደበት። መዲና እያየችኝ እስኪበቃት ሳቀች። ፊቷ ከስቷል፤ ዓይኖቿ ያው ናቸው። ጥንቅሽ ሰብራ ግማሹን ሰጠችኝ፤ እንደ ልጅነታችን በጥርሳችን እየላጥን መጠጥን። ለኔ ጥርስ ጥንቅሽ ከባድ ሆኗል። ገመዱ አሁን ናይለን ነው፤ በጣሳ ፋንታም ጠጠር ያለባቸው የፕላስቲክ ጠርሙሶች ተንጠልጥለዋል። መዲና እያወራች በቀኝ እጇ ትጎትተዋለች፤ አንዴ ቶሎ፣ አንዴ ዘግየት እያደረገች።

«ተማሪ ሆነሻል አሉ» አለችኝ።

«አዎ።»

«ጎሽ፣ ማሻአላህ። ታዲያ ዛሬ ምን እግር ጣለሽ? ስለ ሽንኩርት ከሆነ ረክሷል።»

ሳቄ መጣ፤ ግን አልሳቅሁም። «መዲና፣ ወፍ የናንተን ማሽላ የበላ ቀን» አልኳት፣ «መንጋው ስለበዛ አልነበረም። እያነበብኩ ነበር። ገመዱን እግሬ ላይ አስሬ፣ ዓይኔ ደብተር ላይ ነበር። ለጋሽ እንድሪስ ዋሸኋቸው። ከትምህርት ያስቀረሁሽ እኔ ነኝ።»

ገመዱን ሳበች። ጠርሙሶቹ እስከ ወንዙ ተንኳኩ።

«አውቃለሁ» አለችኝ።

«ምኑን?»

«እግርሽን። ያን ዕለት አመሻሽ ላይ ቤታችሁ ስመጣ እግርሽን ትታጠቢ ነበር። ቁርጭምጭሚትሽን ገመድ ዙሪያውን ልጦታል። ወንጭፍ የያዘ ሰው እግሩ አይላጥም።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ምን ልበል? እኔም እግሬ ላይ ነበር የማስረው! አንቺ ያኔ ጀመርሽ፤ እኔ ከጥቅምት ጀምሮ ያለ ደብተር ማማው ላይ ወጥቼ አላውቅም። ወላሂ። መቼም ይቺ ልጅ አንዴ አይታ ትይዛለች ትሉኝ ነበር አይደል? የምይዘው እዚህ ላይ ነበር። በአንቺ ተራ መጣ እንጂ በእኔ ተራ ቢመጣ የናንተን ነበር የሚጨርሰው። ለአባቴ ብነግረው ‹አንቺስ በምንሽ ነበር የምትጎትቺው?› ይለኛል። ምን እላለሁ?»

ምን እንደተሰማኝ በትክክል መጻፍ ያስቸግረኛል። ያን ያህል ዘመን የተሸከምኩት ነገር ሲወርድልኝ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ነገር ግን መዲና መሳቋን አቁማ ነበር።

«በወፉ ተቀይሜሽ አላውቅም» አለችኝ። «የተቀየምኩሽ በሌላ ነው።»

«በምን?»

«ደብተሩን አንቺ ጋ አስቀምጪ፣ ስመለስ ከቆምኩበት እቀጥላለሁ አልኩሽ። ባልመለስስ? እዚህ ቁጭ ብዬ ወፍ ስጠብቅ ስንት ቀን አለ። አንድ ቀን ይዘሽልኝ ትመጫለሽ ብዬ ጠበቅሁ። መጀመሪያ ለፋሲካ እረፍት፣ ከዚያ ለክረምት፣ ከዚያ በሠርጌ። የመጣሽው ግን ብርጭቆ ይዘሽ ነው፤ ስድስት ብርጭቆ። ወፉ የበላው የአንድ ዓመት ነው አስኩ። ከዚያ በኋላ ያለውን አንቺ ነሽ ያስቀረሽብኝ።»

ብርጭቆዎቹን አስታወስኳቸው። ጠርዛቸው ላይ ወርቃማ መስመር ነበራቸው፤ ስድስቱን በዘጠኝ ብር ነው የገዛኋቸው። ስገዛቸውም ይቅርታ የጠየቅሁ መስሎኝ ነበር።

ቦርሳዬን ከፍቼ ደብተሩን አወጣሁና ጭኗ ላይ አስቀመጥኩላት። ገመዱን ለቀቀች፤ እጇን በቀሚሷ ደጋግማ ጠረገች። ከዚያ የካኪውን ሽፋን በአንድ ጣቷ ዳሰሰችው። ስትከፍተው አራቀችው፣ አቀረበችው፣ እንደገና አራቀችው። መነጽሬን አውልቄ ሰጠኋት።

«ጽሑፌ እንዲህ ያምር ነበር?» አለች። ከዚያ በጣቷ እየተከተለች ቀስ ብላ ማንበብ ጀመረች። «ሉክ… ሉክ አፍተር። ቴክ ኬር… ኦፍ።» ቀና ሳትል ሦስተኛውን፣ ዋች ኦቨርን፣ ከማየቷ በፊት በቃሏ አለችው።

ገጽ ስትገልጥ የሷ ጽሑፍ አለቀ። ቀጥላ ገለጠች፤ ሌላም ገለጠች። ግራ ግራው በኔ ትልልቅ ፊደል እስከ ደብተሩ መጨረሻ ሞልቷል። ቀኝ ቀኙ ነጭ ነው፤ ዳር ዳሩ ብቻ ቢጫ ሆኗል።

«ይሄን ለምን አልጻፍሽበትም?»

«ያንቺ ገጽ ነዋ» አልኳት።

ማሽላው ውስጥ አንድ ነገር ተንኮሻኮሸ፤ ገመዱን የያዘው ሰው እንደሌለ ያን ጊዜ ነው ያስተዋልኩት። ጫፉን አንስቼ መዳፌ ላይ ሁለት ጊዜ ጠመጠምኩት።

«እስክሪብቶ ይዘሻል?» አለችኝ መዲና።

ሰጠኋት። ደብተሩን ጉልበቷ ላይ አደላድላ ከኔ ግራ ገጽ የመጀመሪያውን ቃል ወደ ቀኙ መገልበጥ ጀመረች፤ ፊደሉ ያው ደቃቅ ነው። እኔ ያለ መነጽር ቅርብ ያለውን በደንብ አላይም፤ ሩቁ ግን፣ እስከ ወንዙ ዛፎች ድረስ፣ ጥርት ብሎ ይታየኛል። ገመዱን ቶሎ ሳብኩት። ቆየሁና ዘግየት አድርጌ ሳብኩት።

«ዓይንሽን ከማሳው እንዳታነሺ» አለችኝ፣ ከደብተሩ ቀና ሳትል።

አላነሳሁም።